ስለ ጭስ መውጫ ጽዳትና ስለ መጥረጊያው ቡርሽ አመራረጥ

በወላይታ ሶዶ ከተማና በዙሪያዋ ባሉት ወረዳዎች ጎደሬው፣ ስኳር ድንቹና ቆጮው በአብዛኛው የሚበስለው በእንጨት እሳት ነው። የእንጨት ጭስ ጉዳት ዓይንን በማስለቀስ ብቻ አያበቃም። የዓለም የጤና ድርጅት እንደ ገመተው፣ በ2020 እ.ኤ.አ. ከምግብ ማብሰያ ጭስ በሚመጣ ሕመም በዓለም 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ሞተዋል፤ ከእነዚህም ከ237,000 የሚበልጡት 5 ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናት ናቸው። ስለዚህ ለምድጃው ጭስ መውጫ ያበጀ ሰው ለቤተሰቡ ታላቅ ነገር አድርጓል። ነገር ግን ጭስ መውጫው ካልተጠረገ ይደፈናል፤ ጭሱም ተመልሶ ወደ እናቲቱና በጀርባዋ ወዳዘለችው ሕፃን ይመጣል።

የሚደፍነው ነገር ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው እንደ ዱቄት የሚረግፍ ደረቅ ጥላሸት ነው። ሁለተኛው ቅጥራን ነው። በክረምት፣ ከዳሞታ ተራራ ብርድ በሚወርድበት ጊዜ፣ እርጥብ ባሕር ዛፍ ሲነድ ጭሱ ቀዝቃዛውን ቱቦ ነክቶ ወደ ጤዛነት ይለወጣል፤ ሲደርቅም ጥቁርና የሚያብረቀርቅ ቅጥራን ይሆናል። ይህ ቅጥራን በእሳት ሊያያዝ ስለሚችል፣ በተለይ የሣር ክዳን ላለው ቤት እጅግ አደገኛ ነው።

ቡርሽ ስንመርጥ ሦስት ነገሮችን እንመለከታለን።

1ኛ/ ልኩ፦ የቱቦውን የውስጥ ስፋት እንለካለን፤ ቡርሹም ከዚያው ጋር እኩል ይሁን። ጠባብ ቡርሽ ጥላሸቱን ትቶ ያልፋል፤ ሰፊው ደግሞ መካከል ላይ ይቀረቀራል። ለክብ ቱቦ ክብ፣ ለአራት ማዕዘን ጭስ መውጫ አራት ማዕዘን ቡርሽ ይገባዋል።

2ኛ/ ጠጉሩ፦ በግንብ ለተሠራ ጭስ መውጫ የሽቦ ቡርሽ ተስማሚ ነው። ቀጭን የቆርቆሮ ቱቦን ግን ሽቦ ይፍቀዋል፤ ቱቦውም ዝጎ ይበሳል። ለዚህ ጠንካራ የናይለን ቡርሽ ይመረጣል። እርሱ ካልተገኘ ከእንሰት የሚገኘው ቃጫ በእንጨት ጫፍ ላይ ጥቅጥቅ ተደርጎ ቢታሰር ደረቁን ጥላሸት ያራግፋል።

3ኛ/ እጀታው፦ ከቱቦው የሚረዝም፣ ቀላልና የማይሰበር ይሁን። ቀርከሃ ለዚህ ይመቻል። ቱቦው ክርን ያለው ከሆነ ክርኑን ፈትቶ ለብቻው መጥረግ ይገባል።

የጠነከረ ቅጥራን በቡርሽ ካልለቀቀ ቱቦውን መለወጥ እንጂ በትልቅ እሳት ለማቃጠል መሞከር ፈጽሞ አይገባም።

ከመጥረግ በፊት እሳቱ ጠፍቶ ቱቦው ፈጽሞ ይቀዝቅዝ፤ የምድጃው አፍ በእርጥብ ጨርቅ ይከደን። የሚጠርገው ሰው አፍና አፍንጫውን ይሸፍን፤ ሲጨርስም ገላውን በሳሙና ይታጠብ። ፐርሲቫል ፖት የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ጥላሸት በጭስ መውጫ ጠራጊዎች ላይ የቆዳ ነቀርሳ እንደሚያመጣ ያስታወቀው በ1775 እ.ኤ.አ. ነበር። ይህን ሥራ ለልጆች መስጠት አይገባም።

ጭስ መውጫውን በየወሩ መመርመር፣ ጥላሸቱም 3 ሚሊሜትር ያህል ከወፈረ ወዲያው መጥረግ ያስፈልጋል። መምህራን ሆይ፣ ተማሪዎቻችሁ ዛሬ ማታ የቤታቸው ጭስ በየት በኩል እንደሚወጣ ተመልክተው ነገ እንዲነግሯችሁ አድርጉ። ጭሱ በበሩ የሚወጣ ከሆነ ለወላጆቻቸው ይህን ትምህርት አስተላልፉላቸው።