የቤት ኮምፒዩተርን ከአጥፊ ፕሮግራም ስለ መጠበቅ

ባለፈው ክረምት ከሂርና ወደ ጭሮ የመጣ ጓደኛዬ በፍላሽ የሰጠኝን የፊልም ማሳያ ፕሮግራም በቤታችን ኮምፒዩተር ላይ ጫንሁ። ሳላነብ «ቀጥል» የሚለውን ደጋግሜ ስለ ነካሁ፥ ያልተጠራ እንግዳ አብሮት ገባ። ክሮም በተከፈተ ቁጥር ማስታወቂያ ያጥለቀልቀን ጀመር። አባቴ የባንክ ሒሳቡን የሚያየው በዚሁ ኮምፒዩተር ስለ ሆነ እጅግ ደነገጥሁ።

መድኃኒቱ ቅደም ተከተል አለው። ይኸውም አንደኛ፥ እንግዳውን ፕሮግራም ከዊንዶውስ ማራገፍ፤ ሁለተኛ፥ ያላወቁትን ኤክስቴንሽን ከክሮም ማውጣትና ክሮምን ወደ መነሻው መመለስ፤ ሦስተኛ፥ በማይክሮሶፍት ዲፌንደር ሙሉ ፍተሻ ማድረግ፤ አራተኛ፥ የይለፍ ቃልን ከሌላ ንጹሕ መሣሪያ መለወጥ ነው።

አጥፊ ፕሮግራምን አውቆ ማሠራጨት በ2008 ዓ.ም. በወጣው የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 ያስቀጣል። ነገር ግን የቤታችንን በር የከፈትሁት እኔው ነኝ፤ ስለዚህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ ከመጫናችሁ በፊት አንብቡ።