እህታችን ከዱባይ ብትጠይቀን፦ ኢቲኤፍ ስንመርጥ የምናነሣቸው ሦስት ጥያቄዎች



ከመካከላችን ብዙዎቻችን ዓረብ አገር የሚሠሩ እህትና ወንድሞች አሉን። ደብተራችንን የገዙልን፣ የዶርም ወጪያችንን የቻሉልን እነሱ ናቸው። አሁን ደግሞ ይደውሉና «እናንተ ተምራችኋል፤ ያጠራቀምኩትን የት ላድርገው? ሀላል ኢቲኤፍ የሚባል አለ አሉኝ» ይሉናል። ገንዘቡ የዓመታት ላብ ነው። ሳናውቅ የምንሰጠው ምክር አማና ማጉደል ነው። ስለዚህ ዛሬ ዱባይ የምትሠራ፣ በድርሃም የምትከፈል አንዲት እህታችን ጠየቀችን ብለን እንማማር።

ኢቲኤፍ የብዙ ኩባንያዎችን አክሲዮን በአንድ ላይ የያዘና ራሱም እንደ አክሲዮን በገበያ የሚሸጥ የሚገዛ ፈንድ ነው። ሀላል የሚባሉት ፈንዶች በወለድ የሚሠሩ ባንኮችን፣ የአልኮል፣ የአሳማ ሥጋና የቁማር ድርጅቶችን ያስወጣሉ። የወለድ ዕዳቸው ከተወሰነ መጠን ያለፈባቸውን ኩባንያዎችም ይተዋሉ። ይህ ማጣሪያ ከሁሉ ይቀድማል፤ ግን ብቻውን አይበቃም። ሀላል የሆነ ፈንድ ሁሉ ለእህታችን ይስማማታል ማለት አይደለም።

1. የት ተመዘገበ?

ሀላል ፈንዶች በአሜሪካም በአውሮፓም ገበያ አሉ። ለምሳሌ የዋሂድ ፈንድ በአሜሪካው ናስዳቅ ይሸጣል። የአይሼርስ ኤምኤስሲአይ ወርልድ ኢስላሚክ ፈንድ ደግሞ የተቋቋመው አየርላንድ ሲሆን ለንደን ላይ ይገበያያል። ልዩነቱ ታክስ ላይ ይታያል። የአሜሪካ ዜጋም ነዋሪም ያልሆነና አገሩ ከአሜሪካ ጋር የታክስ ስምምነት የሌለው ሰው የአሜሪካ ፈንድ ቢይዝ፣ ከሚከፈለው የትርፍ ድርሻ 30 በመቶ ይቆረጥበታል። የአየርላንዱ ፈንድ ግን በስምምነቱ መሠረት ከአሜሪካ ኩባንያዎች በሚያገኘው ድርሻ ላይ የሚቆረጥበት 15 በመቶ ነው። በተጨማሪም እንዲህ ያለ ሰው ቢሞት፣ አሜሪካ ውስጥ ያለው ሀብት ከ60,000 ዶላር ካለፈ የውርስ ታክስ ሊመጣ ይችላል። ለወራሾች የሚተርፍ ጉዳይ ነውና ቀላል አይደለም።

2. በየትኛው ገንዘብ?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አንዱ ፈንድ ለንደን ላይ በፓውንድም በዶላርም ሊሸጥ ይችላል። «በፓውንድ ብገዛ ፓውንድ ያዝኩ» ማለት ግን ስሕተት ነው።

እናስላው። የፈንዱ አንድ ድርሻ 100 ዶላር ነው፤ አንድ ፓውንድ 1.25 ዶላር ቢሆን ዋጋው 80 ፓውንድ ይሆናል። ፓውንድ ወርዶ ከዶላር እኩል ቢሆንና የፈንዱ የዶላር ዋጋ ባይለወጥ፣ ድርሻው 100 ፓውንድ ይሆናል። በወረቀት 25 በመቶ ያተረፈች ይመስላል። ወደ ድርሃም ስትመልሰው ግን ያው 367 ድርሃም ገደማ ነው። ድርሃም ከ1997 ጀምሮ በ3.6725 ከዶላር ጋር ታስሯልና። ስለዚህ ለእህታችን የዶላሩ ይሻላታል፤ በፓውንዱ ከገዛች ስትገባም ስትወጣም የምንዛሬ ክፍያ በከንቱ ትከፍላለች። የምንዛሬን ዕጣ የሚወስነው የተገዛበት ገንዘብ ሳይሆን በውስጡ ያሉት ኩባንያዎች የሚያተርፉበት ገንዘብ ነው።

3. ውስጡ የየት አገር ነው?

ስሙ አያታልለን። «ወርልድ» የሚለው የኤምኤስሲአይ መለኪያ የሚይዘው 23 ያደጉ አገራትን ብቻ ነው፤ ትልቁን ድርሻ የምትወስደውም አሜሪካ ናት። ሳዑዲ፣ ቱርክ፣ ማሌዢያና ኢንዶኔዢያ በታዳጊ ገበያዎች መለኪያ ውስጥ ናቸው። «ኢስላሚክ» የሚለው ቃል የኩባንያውን ሥራና ዕዳ እንጂ አገሩን አይናገርም። «ወርልድ» እና የአሜሪካ ፈንድ አብሮ የገዛ ሰውም ገንዘቡን የበተነ ይመስለዋል እንጂ በብዛት ያንኑ ደግሞ ገዝቷል።

ታዲያ ምን እንበላት?

አስቀድመን «ገንዘቡ መቼና የት ያስፈልግሻል?» እንበላት። በሁለት ዓመት ውስጥ አገር ቤት ቤት ልትሠራበት ከሆነ አክሲዮን አይሆናትም፤ በሚያስፈልጋት ቀን ወርዶ ሊገኝ ይችላል። ሐምሌ 2016 የምንዛሬ ሥርዓቱ ሲለወጥ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በወራት ውስጥ ከ120 ብር አልፏል። ያኔ ዶላር የያዘ ሰው በብር ብዙ አገኘ፤ ያ ግን የብር መውረድ እንጂ የፈንድ ትርፍ አይደለም። ረጅም ጊዜ የምታስቀምጠው ከሆነ ሦስቱን ጥያቄዎች በቅደም ተከተል ትጠይቅ፤ ዘካዋንና ከትርፉ መጥራት ያለበትንም ዓሊም ትጠይቅ።

እኛ አገር ቤት ያለነው ደግሞ የውጭ ምንዛሬ በብሔራዊ ባንክ ደንብ እንደሚመራ እንወቅ፤ በጓሮ በር የሚሄድ መንገድ አንምከር።

ለውይይት፦ ወንድማችን ሪያድ ሆኖ በሪያል ቢከፈል መልሳችን ይለወጣል? ለንደን ኖሮ በፓውንድ የሚከፈልና እዚያው ሊኖር ያሰበ ቢሆንስ?

አላህ ሪዝቃችንን ሀላልና በረካ ያለው ያድርግልን። ወሏሁ አዕለም።