የአክሱምን ሐውልቶች ማን አቆማቸው?

በቅርቡ ስለ አክሱም ሐውልቶች ስንወያይ አንድ ታናሽ ወንድማችን፥ «ይህን ያህል ድንጋይ የሰው ጉልበት አያነሣውም፤ ያቆመው የታቦተ ጽዮን ኃይል ነው ይባላል» ሲል አንዳንዶቻችን ሣቅን። መሣቃችን ተገቢ አልነበረም፤ በአገሩ ሲነገር የኖረ ትውፊት ነውና። ሆኖም ድንጋዮቹ ራሳቸው የሚመሰክሩት ነገር አለ።

ከአክሱም በስተ ምዕራብ 4 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ጎበድራ የተባለ ኮረብታ ይገኛል። ድንጋዩ የተፈለጠው ከዚያ ነው። በአለቱ ላይ አራት ማዕዘን ቀዳዳዎች በተርታ ተቆፍረው ዛሬም ይታያሉ። ጠራቢዎቹ በየቀዳዳው ሽብልቅ እየከተቱ ሲመቱት አለቱ በቀዳዳዎቹ መሥመር ይሰነጠቃል። ቀዳዳው ተቆፍሮ ሳይፈለጥ የቀረም አለ፤ ሠራተኛው ነገ የሚመለስ ይመስላል።

ታላላቆቹ ሐውልቶች ቀርበው ሲታዩ የቤት ምስል ናቸው። ከታች በር፥ ከበሩ በላይ መስኮት በመስኮት ላይ ተቀርጿል፤ ከግድግዳ የሚወጡት የእንጨት ጫፎች ሳይቀሩ በድንጋይ ተመስለዋል። በእውነተኛ እንጨትና ድንጋይ የተሠራውን የዚህን አሠራር ምሳሌ በደብረ ዳሞ ቤተ ክርስቲያን እናገኘዋለን። ጠራቢው የሚያውቀውን ቤት ነው የቀረጸው።

ከሁሉ የሚበልጠው ሐውልት 33 ሜትር ርዝመትና ከ500 ቶን በላይ ክብደት አለው፤ 13 ፎቅ ተቀርጾበታል። ነገር ግን ተሰባብሮ ተኝቷል። በመሬት ውስጥ እንዲቀበር የተተወለት እግር ለቁመቱ እጅግ አጭር ነበር። ገና ሲያቆሙት ሳለ እንደ ወደቀ የሚያምኑ ተመራማሪዎች ብዙ ናቸው፤ ሲወድቅም ነፋስ ማውጫ በተባለው መቃብር ላይ ነው ያረፈው። ለእኔ ከሁሉ የበለጠው ማስረጃ ይህ ስሕተት ነው። የመልአክ እጅ ቢሆን ኖሮ መሠረቱን ባላሳጠረ ነበር። የተሳሳቱት ሰዎች ናቸው፤ 21 ሜትር የሚሆነውንና እስከ ዛሬ ያልወደቀውን ያቆሙትም ሰዎች ናቸው።

24 ሜትር የሚሆነውንማ የኢጣሊያ ወራሪ በ1929 ዓ.ም. ወደ ሮም ወሰደው። በ1997 ዓ.ም. በሦስት ተከፍሎ በአውሮፕላን ሲመለስ ብዙዎች አልቅሰዋል፤ በ2000 ዓ.ም. ዳግመኛ ሲቆም ግን ሥራው የተከናወነው በዘመኑ መሣሪያ ነበር። የቀድሞዎቹ ያ መሣሪያ አልነበራቸውም።

ለኅዳር ጽዮን ወደ አክሱም የምትሄዱ ካላችሁ፥ ከሐውልቱ ሥር ፎቶግራፍ ተነሥታችሁ ብቻ አትመለሱ። ያን ታናሽ ወንድማችንን ይዛችሁ ጎበድራ ውጡ፤ እጁን ከአንዱ ቀዳዳ ያስገባ።