ስለ ውኃ የቋጠረ እግር

ልጆች ሆይ፥ ቆዳ የሰው ልጅ ከእናቱ ማኅፀን ለብሶት የሚወጣ ልብስ ነው። ሌላው ልብስ ቢቀደድ ይጣፋል፤ ይህ ግን ሲቀደድ ለበሽታ መግቢያ በር ይሆናል።

አዲስ ጫማ አድርጎ ሩቅ መንገድ የሄደ ሰው፥ ወይም እጁ ሳይለምድ ቀኑን ሙሉ ዶማና መጥረቢያ የያዘ ሰው፥ ማታ ቆዳው አብጦ ውኃ ቋጥሮ ያገኘዋል። ይህም የሚሆነው ስለዚህ ነው። የላይኛው ቆዳ በብዙ ስስ ድርብ የተሠራ ነውና፥ መፋተግ ሲበዛበት ድርቡ ከድርቡ ይላቀቃል፤ በመካከሉም ፈሳሽ ይሞላበታል። ሰው ውኃ ይለዋል እንጂ ከሰውነት የመነጨ ነው። እግር በላብ ወይም በዝናብ ሲርስ ነገሩ ይብሳል።

ብዙ ልጅ ይህን ሲያይ እጁ አያርፍም፤ በጥፍሩ ይቦጭቀዋል። ይህ ትልቅ ስሕተት ነው፤ ያበጠው ቆዳ ከታች ላለው ለጋ ሥጋ ክዳኑ ነውና። ትንሽ የሆነውን በሳሙናና በውኃ አጥቦ፥ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኖ መተው ይገባል፤ በጥቂት ቀን ይደርቃል። ትልቅ ሆኖ መራመድ የከለከለ እንደ ሆነ ግን፥ አዋቂ ሰው እጁን ታጥቦ፥ በውኃ የተቀቀለ መርፌ ወስዶ፥ ከዳር በኩል ጥቂት ወግቶ ፈሳሹን ያውጣ፤ ቆዳውን ግን አይላጠው። የስኳር በሽታ ያለበት ሰው ይህን በቤቱ ከቶ አያድርግ፤ ወደ ሐኪም ይሂድ።

ስለ ትንሽ ነገር ይህን ያህል ማብዛት ለምን ነው የሚል ቢኖር፥ ይህን ይስማ። ካልቪን ኩሊጅ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት በነበሩበት ዘመን፥ በ1916 ዓመተ ምሕረት ሰኔ 23 ቀን፥ በስማቸው የተጠራው ታናሽ ልጃቸው ያለ ካልሲ ጫማ አድርጎ በቤተ መንግሥቱ ሜዳ ቴኒስ ተጫወተ። የእግሩም ጣት ውኃ ቋጠረ። ቁስሉ ተመረዘ፥ መርዙም በደሙ ውስጥ ተሰራጨ። ሐኪሞች ብዙ ደከሙ፤ ነገር ግን ፔኒሲሊን በዚያን ጊዜ ገና አልተገኘም ነበርና ሊያድኑት አልቻሉም። በሳምንቱ ሰኔ 30 ቀን ሞተ፤ ዕድሜው 16 ዓመት ነበር። አባቱ የታላቅ አገር መሪ ሲሆኑ፥ ለልጃቸው የጣት ቁስል መድኃኒት አጡ።

ዛሬ መድኃኒቱ አለ፤ የሚረዳው ግን በጊዜ የመጣውን ነው። እንግዲህ ቁስሉ መግል የያዘ፥ ዙሪያው ቀልቶ የሚያቃጥል፥ ቀይ መሥመር ከቁስሉ ወደ ላይ የወጣበት፥ ወይም ትኩሳት የያዘው ልጅ ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።

በእሳት ወይም በፈላ ውኃ ተቃጥሎ ውኃ የቋጠረ ግን አይወጋም። ወዲያው ለ20 ደቂቃ ያህል ንጹሕ ቀዝቃዛ ውኃ ይፍሰስበት። ቅቤና ሊጥ አይቀባ፤ ቅቤ የወጥ ነው እንጂ የቁስል አይደለም።

ጫማ ሲገዛ ወደ ማታ ይለካ፤ እግር ከቀን ድካም በኋላ ያብጣልና። አዲሱንም በመጀመሪያ በአጭር መንገድ ማለማመድ ይገባል። ካልሲው ደረቅ ይሁን። አንዳንዱ፥ «እንግዲያስ ባዶ እግሬን እሄዳለሁ» ይላል፤ ነገር ግን በደጋው ቀይ አፈር ላይ ለብዙ ዘመን ያለ ጫማ መሄድ ዝሆኔ የሚባለውን በሽታ ያመጣል። በመንገድም ሳለ ተረከዙ መሞቅ የጀመረ ሰው፥ «እስክደርስ ልታገሥ» አይበል፤ ውኃ የሚቋጥረው በዚያ መካከል ነውና። ያን ጊዜውኑ ተቀምጦ ጫማውን ያውልቅ፥ ጠጠሩን ያራግፍ፥ የሚፋተገውንም ስፍራ በንጹሕ ጨርቅ ይጠቅልል።