የዝናብ መለኪያ መሣሪያዎች በባለሙያዎች እንዴት ይመዘናሉ?

ስለ ድርቅ የሚሰጥ ማስጠንቀቂያ ከሚመሠረትባቸው ዋና ዋና መረጃዎች አንዱ የዝናብ መጠን መሆኑ ይታወቃል። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ የወረደ አንድ ሊትር ውሃ ማለት ነው። መለኪያው ከተሳሳተ ዝናብ ያጠረው ወረዳ እንደ ደኅና፣ ደኅናውም እንደ ተጎዳ ሊቆጠር ይችላል፤ እህሉም ከተራበው ሕዝብ ርቆ ይራገፋል። ስለዚህ የመሣሪያ ምዘና የሳይንቲስቶች ጉዳይ ብቻ ሆኖ የሚተው አይደለም።

ለዚህ መልካም ምሳሌ የሚሆነው የዓለም ሜትዮሮሎጂ ድርጅት ያካሄደው የንጽጽር ጥናት ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 እና በ2005 በኔዘርላንድ፣ በፈረንሳይና በኢጣልያ ቤተ ሙከራዎች መጠኑ አስቀድሞ የታወቀ ውሃ በየመሣሪያው ውስጥ እየፈሰሰ የእያንዳንዱ ንባብ ተመረመረ። ቀጥሎም ከጥቅምት 2007 እስከ ሚያዝያ 2009 ድረስ፣ ከሮማ ከተማ ብዙም በማይርቀው በቪኛ ዲ ቫሌ ሜዳ ላይ፣ ልዩ ልዩ መሣሪያዎች ጎን ለጎን ተተክለው አንድ ዓይነት ዝናብ እንዲለኩ ተደረገ።

ለማነጻጸሪያ የተመረጡት መለኪያዎች አፋቸው ከመሬት ጋር እኩል እንዲሆን በጉድጓድ ውስጥ ተቀመጡ። ምክንያቱም ከመሬት ከፍ ብሎ በቆመ መለኪያ ዙሪያ ነፋስ ስለሚሽከረከር፣ ከጠብታው ከፊሉ ወደ ውስጥ ሳይገባ ያልፋል።

ከጥናቱ የተገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ሁለት ትንንሽ ባልዲዎች እየተፈራረቁ ሞልተው በሚደፉበት መለኪያ፣ ባልዲው በሚገለበጥበት ቅጽበት የሚወርደው ውሃ በትክክል አይቆጠርም። በመሆኑም ንባቡ ካልታረመ በስተቀር ኃይለኛ ዝናብ ከእውነተኛው መጠን አንሶ ይመዘገባል።

የሳተላይት ግምትም ከዚህ ምዘና ውጭ አይደለም። አንዳንዱ ዘዴ ዝናቡን የሚገምተው ከደመናው አናት ቅዝቃዜ ነው፤ ይሁን እንጂ በተራራማ አገር እጅግ ሳይቀዘቅዝ የሚዘንብ ደመና ስላለ፣ ግምቱ በምድር ላይ ካለው መለኪያ ጋር መነጻጸር ይኖርበታል።

እንግዲህ አዲስ መሣሪያ በቀረበ ቁጥር ሦስት ጥያቄዎችን ማንሣት ይገባል። አንደኛ፣ ከምን ጋር ተነጻጸረ? ሁለተኛ፣ በምን ዓይነት አየርና ለምን ያህል ጊዜ ተፈተነ? ሦስተኛ፣ ጉድለቱ ከጥቅሙ ጋር በይፋ ተገልጿልን? እነዚህን ያልመለሰ ዐውደ ጥናት ወይም ሲምፖዚየም መሣሪያውን አስተዋወቀ እንጂ መዘነ ሊባል አይችልም።

በመጨረሻም፣ በሚገባ የተመዘነ መሣሪያ እንኳ በዛፍ ሥር ከተተከለ ወይም ቅጠል ከደፈነው ሐሰተኛ ምስክር ይሆናል። ስለዚህ በየጠዋቱ በ3 ሰዓት መለኪያውን የሚያነብ የገጠር ሠራተኛ የዚሁ ምዘና የመጨረሻው ባለሙያ መሆኑን ሊዘነጋ አይገባም።