የቅድመ አያቴን ዘር ፍለጋ ከየት ልጀምር?

ጥያቄ፦ ቅድመ አያቴ አድዋ መዝመታቸው ይነገረናል። የማውቀው ስማቸውንና አገራቸው ደብረ ታቦር አካባቢ መሆኑን ብቻ ነው። ቤተሰባቸውን እንዴት ላግኝ?

መልስ፦ የተከበሩ ጠያቂያችን፣ ፍለጋው የሚከብደው ከትውልድ ትውልድ የሚተላለፍ የቤተሰብ መጠሪያ ስለሌለን ነው። አስቀድመው ትልልቅ ዘመዶችን የቅድመ አያትዎን የክርስትና ስም፣ የፈረስ ስም ከነበራቸውም እሱን፣ በተለይም ርስታቸው የነበረበትን አጥቢያ ይጠይቁ። ርስት የሚገኘው ትውልድ ተቆጥሮ ስለነበር፣ የአገር ሽማግሌዎች የዘር ሐረጉን በቃል ይዘውት ሊሆን ይችላል፤ እኔ ከሁሉ አብልጬ ተስፋ የማደርገው በእነሱ ነው። እባክዎ ሳይዘገዩ ድምፃቸውን ይቅረጹ።

ዓመተ ምሕረት ከመጠየቅ በዘመኑ የሆነውን ማንሣት ይሻላል፦ ክፉ ቀን የተባለው ረሃብ (ከ1880 እስከ 1884) ሲገባ አግብተው ነበር? የካቲት 23 ቀን 1888 አድዋ ላይ ከተዋጉ በኋላ ወደ አገራቸው ተመለሱ?

በአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን ብራና ኅዳግ ላይ የመሬት ማስታወሻ ሊኖር ይችላል፤ አስተዳዳሪውን ያስፈቅዱ። ጽሑፉን ማንበብ ከከበደዎ የታሪክ ባለሙያ ያማክሩ፤ ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ጥሩ መነሻ ነው።