የአሮጌው ኡራል ናፍጣ የት ይገባል? የኦሞራቴ ምልልስ

ኡራል 4320 በሶቭየት ኅብረት፣ በሚያስ ከተማ በሚገኘው ፋብሪካ ከ1977 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተመረተ፣ በሦስቱም አክስሎቹ የሚነዳ ወታደራዊ የጭነት መኪና ነው። ቀዳሚው ኡራል 375 ቤንዚን የሚበላ ሲሆን፣ ለ4320 ግን ስምንት ሲሊንደር ያለው፣ 210 የፈረስ ጉልበት የሚያወጣ፣ በናፍጣ የሚሠራ ካማዝ 740 ሞተር ተገጥሞለታል። በደርግ ዘመን ከሶቭየት ኅብረት ወደ ኢትዮጵያ ከገቡት ወታደራዊ ተሽከርካሪዎች መካከል ኡራል ይገኝበታል፤ እንዲህ ያለ መኪና ከሠራዊት አገልግሎት ወጥቶ በግል እጅ ሲገባና ለዕለት ምልልስ ሲውል፣ ባለቤቱን ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስጨንቀው የነዳጁ ነገር ነው። ከዚህ በታች የሚነበበው ምልልስ በዳሰነች ወረዳ ከተማ በኦሞራቴ በአንድ አዛውንት መካኒክና ከኦሞራቴ ቱርሚ በሚመላለስ ወጣት ሾፌር መካከል ሆኖ የተጻፈ ነው።

ጠያቂ፦ ጋሼ፣ ኡራል ሲሠራም ሳይሠራም ናፍጣ ይጨርሳል ይባላል። ፍጆታውን ለመቀነስ በቅድሚያ የሚነካው ፖምፓው ነው?

አዛውንት፦ ፖምፓው፣ ማለትም ናፍጣውን በከፍተኛ ግፊት ወደ ሲሊንደር የሚልከው ክፍል፣ ከሁሉ በኋላ የሚነካ ነው፤ በቅድሚያ መኪናው በእርግጥ ስንት እንደሚበላ መታወቅ አለበት። ሰልባትዮው፣ ማለትም የነዳጁ ማጠራቀሚያ፣ እስከ አፉ ይሞላና የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ንባብ ይጻፋል፤ የተለመደው መንገድ ጥቂት ቀናት ከተነዳ በኋላ መኪናው በዚያው ደልዳላ ቦታ ቆሞ እንደገና እስከ አፉ ይሞላል፤ የገባው ሊትር ለተነዳው ኪሎ ሜትር ተካፍሎ በ100 ሲባዛ ፍጆታው ይገኛል። በዚህ ቆላ አንድ ጥንቃቄ ይጨመርበታል። ናፍጣ በሙቀት ስለሚሰፋ 200 ሊትር ያህሉ በ20 ዲግሪ ቢሞቅ ከ3 ሊትር በላይ የጨመረ ይመስላል፤ ስለዚህ ሁለቱም ሙሌት ሌሊቱ ባቀዘቀዘው ናፍጣ፣ በማለዳ መሆን ይኖርበታል። ቆጣሪውም ቢሆን ጎማው በሌላ መጠን ጎማ ከተለወጠ ስለሚዋሽ፣ በስልክ የሳተላይት መለኪያ አንድ ጊዜ መመሳከር ይገባዋል።

ጠያቂ፦ ልኬቱ ከታወቀ በኋላስ? ናፍጣው የሚጠፋው ሳይቃጠል ቀርቶ አይደለም ወይ? በገበያ ላይ ወደ ናፍጣ እየተጨመረ ፍጆታውን በሩብ ይቀንሳል የሚባል ፈሳሽ አለ።

አዛውንት፦ ይህ ጥያቄ ብዙ ገንዘብ ያስወጣ ስሕተት ስላለበት በደንብ ሊታይ ይገባዋል። ደህና የሆነ የናፍጣ ሞተር ከሚገባለት ነዳጅ ከ100 እጅ 98ቱንና ከዚያም በላይ ያቃጥላል። ሳይቃጠል የሚቀረው ሁለት እጅ እንኳ የማይሞላ ከሆነ፣ ማቃጠልን አሻሽላለሁ የሚል ፈሳሽ 25 እጅ ቁጠባ ከየት ያመጣል? ጥቁር ጭስ የሚያወጣ የታመመ ሞተር በእርግጥ ከዚህ የበለጠ ያባክናል፤ መድኃኒቱ ግን ጭሱን ያመጣውን ብልሽት ማግኘት እንጂ ጠርሙስ መግዛት አይደለም። የተቃጠለ የሞተር ዘይት ከናፍጣ ጋር መቀላቀል ደግሞ የባሰ ነው፤ ናፍጣውን በጉም መልክ የሚረጨውን የእንጀክተር ቀዳዳ ስለሚደፍነው፣ የተቆጠበ የመሰለው ገንዘብ በጥገና ይመለሳል።

የጠፋው ናፍጣ ሌላ ቦታ ነው የሚፈለገው። አንድ ሊትር ናፍጣ 36 ሜጋ ጁል ያህል ኃይል የያዘ ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ ወደ ሥራ የሚለወጠው በደህናው ጊዜ ከሲሶው ብዙም አይርቅም፤ ቀሪው በጭስ ማውጫውና በራዲያተሩ ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ከዚያ ሲሶ ላይ ደግሞ ማራገቢያው፣ የአየር መጭመቂያው፣ ካምቢዮው፣ የሦስቱ አክስሎች ዲፈረንሻሎች፣ ጎማዎቹና ንፋሱ እያንዳንዳቸው ድርሻቸውን ይወስዳሉ። ባለቤቱ በገዛ እጁ ሊያስተካክለው የሚችለው ይህንን ነው።

ጠያቂ፦ ከእነዚህ ውስጥ ያለ ብዙ ወጪ የሚስተካከለው የቱ ነው?

አዛውንት፦ በዚህ አገር ሙቀት ማንም የማያየው ማራገቢያው ነው። በካማዝ 740 ማራገቢያው ከሞተሩ ጋር በብረት የታሰረ አይደለም፤ በመካከላቸው የዘይት መያዣ፣ ማለትም ዘይት ሲገባበት የሚያዞር፣ ዘይቱ ሲወጣ የሚለቅ መጋጠሚያ አለ። ዘይቱን የሚቆጣጠረው በሞተሩ ፊት ለፊት ያለ ትንሽ መክፈቻ ሲሆን ሦስት ቦታ አለው፦ አንደኛው ውሃው ሲሞቅ ብቻ ማራገቢያውን በራሱ የሚያስነሳ፣ ሁለተኛው ፈጽሞ የሚያጠፋ፣ ሦስተኛው ሁልጊዜ እንዲዞር የሚያስገድድ ነው። ሦስተኛው የተሠራው የሙቀት ስሜት የሚሰጠው ክፍል ሲበላሽ መኪናው መንገድ ላይ እንዳይቀር ነበር። ይሁን እንጂ ሞተሩ አንድ ጊዜ የፈላበት ሾፌር መክፈቻውን ወደዚያ ይወስደውና ለዓመታት እዚያው ይተወዋል። የማራገቢያ ሸክም ዙሩ በእጥፍ ሲያድግ ስምንት እጥፍ ስለሚሆን፣ በንጋት ቅዝቃዜ ባዶውን ወደ ቱርሚ የሚሄድ መኪና ለማያስፈልገው ንፋስ ናፍጣ ይከፍላል።

አዛውንቱ ይህን ሲያስረዱ ኮፈኑን ከፍተው የመክፈቻውን ጫፍ በጣታቸው ያሳዩ ሲሆን፣ ጫፉ በአቧራና በዘይት ተለስኖ ስለ ነበር የትኛው ቦታ ላይ እንደ ቆመ የታወቀው በጨርቅ ከተጠረገ በኋላ ነው። የቆመውም በሦስተኛው ላይ ነበር።

ጠያቂ፦ ታዲያ ወደ መጀመሪያው ቢመለስ ሞተሩ አይፈላም?

አዛውንት፦ ሳይጸዳ ከተመለሰ ሊፈላ ይችላል። የራዲያተሩ ክንፎች በአቧራና በሣር ፍሬ ከተደፈኑ ማራገቢያው ያለማቋረጥ ቢዞርም ጥቅሙ ትንሽ ነው፤ ስለዚህ ራዲያተሩ ከሞተሩ ወገን ወደ ውጭ በውሃ ይታጠብ፣ የሙቀት ስሜት ሰጪው ክፍል ይፈተሽ፣ ከዚያ መክፈቻው ወደ መጀመሪያው ቦታ ይመለስ። የዚህ ሞተር ጤነኛ ሙቀት ከ75 እስከ 98 ዲግሪ ባለው መካከል ስለሆነ፣ መርፌው 85 ላይ ሲደርስ መደንገጥ አያስፈልግም። እንዲያውም እጅግ የቀዘቀዘ ሞተር ናፍጣ ያባክናል።

ጠያቂ፦ ስለ ጎማውስ ምን ይባላል? በኦሞ ወንዝ ዳር አሸዋ ላይ ንፋሱን ዝቅ ማድረግ የግድ ነው።

አዛውንት፦ የኡራል ትልቁ በረከትም ትልቁ ሌባም እዚያ ላይ ነው። ሾፌሩ ከጋቢና ሳይወርድ የጎማውን ንፋስ ከ0.5 እስከ 3.2 ከባቢ ድረስ ዝቅና ከፍ ማድረግ ይችላል፤ ከባቢ የአየር ግፊት መለኪያ ሲሆን 3.2 ከባቢ 45 ፒኤስአይ ገደማ ነው። በኦሞ ዳር ደለል ላይ 1 ከባቢ ሲሆን ጎማው ተንጣሎ መኪናውን ያሳልፈዋል፤ ያው ጎማ በዚያው ንፋስ ጠንካራ መንገድ ላይ ሲወጣ ግን በየዙሩ ጎኑ እየታጠፈ ይሞቃል፣ ያም ሙቀት ከሰልባትዮው የወጣ ናፍጣ ነው። ከአሸዋ የወጣ መኪና ወደ ቱርሚ ከማቅናቱ በፊት ቆሞ እስከ 3.2 ይሞላ። ልኬቱም ጎማው ሳይሞቅ በንጋት ይወሰድ፤ የጎማው አየር በ10 ዲግሪ ሲሞቅ ግፊቱ በ0.14 ከባቢ ያህል ስለሚጨምር፣ ቀትር ላይ በዛ ብሎ የሚያስተነፍስ ሾፌር በማግስቱ በጎደለ ጎማ ይነዳል። የንፋሱ መስመር ላስቲኮች ካረጁ ደግሞ ቀስ እያለ ይፈስሳል፣ መጭመቂያውም ያለ ዕረፍት ይሠራል፤ ማታ የየቸርኬው መዝጊያ ተዘግቶ ያደረ መኪና በማለዳ የትኛው ጎማ እንደ ጎደለ ይናገራል።

ጠያቂ፦ የፊት አክስሉ በጥሩ መንገድ ላይ ስለማያስፈልግ፣ ወደ ፊት የሚሄደው ካርዳኖ፣ ማለትም ኃይል የሚያስተላልፈው ዘንግ፣ ተፈትቶ ቢነሳ ይቆጥባል የሚሉ አሉ።

አዛውንት፦ በሌሎች መኪናዎች ትርጉም ሊኖረው ይችላል፤ በኡራል ግን ጉዳት ነው። ኡራል ሁልጊዜ በስድስቱም ጎማ የሚነዳ ሲሆን፣ ከካምቢዮው በኋላ ባለው የኃይል ማከፋፈያ ውስጥ አንድ ሲሶውን ለፊት፣ ሁለት ሲሶውን ለኋላ የሚሰጥ ዲፈረንሻል አለበት። የፊቱ ካርዳኖ ሲወጣ ኃይሉ ሁሉ ባዶ ወደሆነው ወገን ስለሚሸሽ መኪናው የሚንቀሳቀሰው ዲፈረንሻሉ ተቆልፎ ብቻ ነው፤ ያኔ ሙሉ ሸክሙ በኋላዎቹ ላይ ይወድቃል። የፊት ጎማዎቹ በመሬቱ እየተገፉ የራሳቸውን ጥርሶች ማዞራቸው ስለማይቀር የሚገኘው ቁጠባ ጥቂት ነው። መታየት ያለበት ተቃራኒው ነው፤ ጭቃ ውስጥ የተቆለፈው ዲፈረንሻል ሳይከፈት በጠንካራ መንገድ ከተነዳ፣ በየመታጠፊያው የፊትና የኋላ ጎማዎች እየተጎተቱ ጎማም ናፍጣም ይበላሉ። በዚያው ላይ ከጉዞ በኋላ እጅ ወደየቸርኬው ቀርቦ ሙቀቱ ይመዘን፤ ከሌሎቹ ተለይቶ የሚያቃጥል ካለ ፍሬኑ ሳይለቅ የሚጎተት ነው።

ጠያቂ፦ ፍጥነትስ ምን ያህል ይወስናል?

አዛውንት፦ የንፋስ ተቃውሞ በፍጥነቱ ስኩዌር ስለሚያድግ፣ ከ60 ወደ 80 ኪሎ ሜትር የወጣ መኪና ንፋሱን ለመግፋት በየኪሎ ሜትሩ 78 እጅ የበለጠ ኃይል ያወጣል፤ የኡራል ፊት ደግሞ እንደ ግድግዳ ነው። ሞተሩ በ1,600 እና በ1,800 ዙር መካከል ሲሠራ የማዞር ጉልበቱ ከፍተኛ ስለሆነ፣ በዚያ ዙር በትልቁ ማርሽ መሄድ ይበቃዋል። ባዶ በሚኬድበት ቀን ሸራው ተጠቅልሎ ቀስቶቹ ቢወርዱ ንፋሱ የሚይዘው ይቀንሳል። ቁልቁለት ላይ ግን በፎሌ፣ ማለትም ማርሽ አውጥቶ መውረድ፣ ሕይወትን የሚያስከፍል ከመሆኑም በላይ ቁጠባም የለበትም፤ ማርሽ ገብቶ እግር ከነዳጅ ሲነሳ ፖምፓው ናፍጣውን ፈጽሞ ያቆማል፣ በፎሌ ሲሆን ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ መመገቡን ይቀጥላል።

ጠያቂ፦ መኪናው ጂንካ ሲወጣ ያጨሳል፣ እዚህ ግን አያጨስም። ይህስ ከፖምፓው አይደለም?

አዛውንት፦ አዎን፣ እዚህ ላይ ፖምፓው ይመጣል። ኦሞራቴ ከባሕር ወለል በላይ 400 ሜትር አካባቢ ስትሆን ጂንካ ከ1,400 ሜትር በላይ ናት፤ በየ1,000 ሜትሩ አየሩ 10 እጅ ያህል ስለሚሳሳ፣ ቱርቦ፣ ማለትም አየር አስገድዶ የሚያስገባ መሣሪያ የሌለው ይህ ሞተር ያንኑ ናፍጣ በአነሰ አየር ለማቃጠል ይገደዳል። ፖምፓውን ከመንካት በፊት ግን የአየር ፊልትሮው ይታይ። በመግቢያው መስመር ላይ ያለው ጠቋሚ ቀይ ካሳየ ፊልትሮው ታፍኗል፤ ወረቀቱ ከውስጥ ወደ ውጭ ከ3 ከባቢ በማይበልጥ ንፋስ ይነፋል፣ ከዚያም አምፖል ውስጡ ገብቶ በጨለማ ይታያል፤ የጠራ የብርሃን ነጥብ ካለ ቀዳዳ ስለሆነ ይጣላል። ከፊልትሮው ወደ ሞተሩ የሚሄደው ቱቦ ውስጡ በጣት ሲጠረግ አቧራ ከተገኘ፣ የናፍጣ ሂሳብ ቀርቶ የሞተሩ ዕድሜ አደጋ ላይ ነው። ቫልቮቹም ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ለመግቢያው ከ0.25 እስከ 0.30፣ ለመውጫው ከ0.35 እስከ 0.40 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይኑራቸው። ይህ ሁሉ ተስተካክሎ አሁንም ጥቁር የሚያጨስ ከሆነ፣ ፖምፓው የመሞከሪያ ማሽን ባለበት ቤት ይለካ። ናፍጣው በበርሜልና በጄሪካን የሚመጣ ከሆነ ደግሞ ውሃውና ደለሉ ከማጣሪያው ሥር በየጊዜው መውጣት አለበት።

ጠያቂ፦ ይህ ሁሉ ሲደረግ ምን ያህል ይተርፋል?

አዛውንት፦ ለምሳሌ መኪናው በ100 ኪሎ ሜትር 35 ሊትር ይበላ ነበር ቢባልና ወደ 30 ቢወርድ፣ የቱርሚው መንገድ ደርሶ መልስ 140 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ በቀን 7 ሊትር፣ በ24 የሥራ ቀን 168 ሊትር ይተርፋል። ይህ ለቤተሰብ ትልቅ ገንዘብ ነው። ይሁን እንጂ ብቻውን 8 ቶን የሚመዝን ብረት አንድ ሰው ለማድረስ ሲነሳ፣ ከዚህ በታች ብዙ አይወርድም። አምስት ቶን ጭኖ የሚሄድ ኡራል ናፍጣው ለእያንዳንዱ ኩንታል ሲካፈል አያሳፍርም፤ ባዶውን የሚሄደው ነው የማይታረቀው። ሰውን በጭነት ሳጥን ላይ በማሳፈር ሂሳቡን ማጣፋት ደግሞ ሊታሰብ አይገባም።

ጠያቂ፦ እንግዲያውስ ጭነት በሌለበት ቀን መኪናው ይቁም ማለት ነው?

አዛውንት፦ ይቁም። በዚያ ቀን በ100 ኪሎ ሜትር ከ3 ሊትር የማይበልጥ ቤንዚን በሚበቃው ሞተር ብስክሌት ወይም በሕዝብ መኪና ይኬድ፤ ኡራሉ ጭነቱ በተሰበሰበበት ቀን ይውጣ። የነገውን ሙሌት ግን በማለዳ አድርገህ ንባቡን በደብተር ጻፍ፤ የማራገቢያው መክፈቻ ከመመለሱ በፊትና ከተመለሰ በኋላ ያለው ሊትር ለየብቻ ይታወቅ።